ቅባቱ ያልደረሰበት

ቦሳ አዲስ፣ ጅማ
ኅዳር 5 ቀን 2017

አሰላሙ አለይኩም ኢፍቱ እህቴ፣

ይህ ወረቀት ሲደርስሽ አላህ ጤናሽን ጠብቆ፣ ወገብሽን አበርትቶ ያቆይሽ። የያዝሽው ዕቃ ከእጅሽ አይውደቅ። እኛ ሁላችንም ደህና ነን፤ አልሐምዱሊላህ።

ፈድሊያ ነኝ፣ የአጎትሽ ልጅ። ስትደውዪ ድምፄን ስለማትሰሚ ተቀይማለች ብለሽ እንዳታስቢ። እናትሽ፣ አክስቴ አዳዳ ናኢማ፣ ስልኩን ላውድ ላይ ታደርገዋለች፤ ሰቃ ያለው ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ ይሰማል። ያ ደስ ይላታል። እኔ ግን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ቃል አይወጣኝም። ስለዚህ በወረቀት ጽፌ፣ በሳሎኑ ስልክ ፎቶ አንስቼ እልክልሻለሁ። አንቺም እንደዚያ አድርጊ። ስልኩን ከእኔ በቀር የሚከፍተው የለም።

ስምንተኛ ክፍልን ከጨረስኩ ወዲህ እዚህ ጅማ እትዬ ሙሉእመቤት ሳሎን ነው የምሠራው። ሙሽራ የሚያስውቡ ሴትዮ ናቸው። ሜካፑን እኔ አልነካም። የእኔ ሥራ ከሜካፑ በፊት ያለው ነው፤ የሙሽሮችን ቆዳ አዘጋጃለሁ። ዓይናቸውን ጨፍነው ስለሚተኙልኝ ማውራት የለብኝም።

የሠርግሽ ቀን ተቆርጧል፤ እሑድ፣ የካቲት 2። የአብዱልሃዲ ሰዎች ከአጋሮ መጥተው ከአዳዳ ጋር ጨርሰዋል። ወፍጮ ቤት አለው፤ ረጋ ያለ ሰው ነው ይላሉ። እናትየው መልክሽን ማየት ፈልገው ነበርና አዳዳ ባለፈው በሳሎኑ ስልክ የላክሽውን ፎቶ ልትወስድ መጣች። «ይሄ ኩሽና ውስጥ የተነሳ ነው፣ አጥቁሯታል፤ ትንሽ አብሪልኝ» አለችኝ። በፊልተር አብርቼ ሰጠኋት። «ትንሽ ጨምሪ» አለች። ጨመርኩ። እናትየው ሲያዩት ማሻአላህ ብለው ሳሙት፤ ስልኩን ማለቴ ነው።

አሁን እትዬ ለሙሽሮች የሚሉትን ልንገርሽ። ፊትሽን በሳሙና አትታጠቢ፤ ለብ ባለ ውሃ ይበቃል። ተልባ ካገኘሽ ቀቅለሽ፣ ሲዝለገለግ አጥልለሽ ተቀቢው፤ ሲደርቅ ታጠቢ። የቡና አተላ ለክንድና ለእግር እንጂ ለፊት አይሆንም፣ ይቧጭራል። ቅንድብሽን አትንኪው፤ ስትመጪ በክር ይሠራልሻል። አዲስ ነገር አትጀምሪ። ውሃ ጠጪ፣ ተኚ። የራበው ቆዳ ሜካፑን ይጠጣዋል ይላሉ እትዬ።

አዳዳ ስትመጪ ሁለት ብርድ ልብስ፣ የብርጭቆ ስብስብና ሽቶ ይዘሽ ነይ ብላለች። ሽቶው ለእሷም ለአማትሽም ነው። ቡናው ገና ማድረቂያው አልጋ ላይ ነው፤ አባቴ ደመና ባየ ቁጥር ሸራ ይዞ ይሮጣል።

ፈድሊያ


ጅዳ
ኅዳር 20 ቀን 2017

ወአለይኩም ሰላም ሚጡዬ፣

አላህ እጅሽን ይባርክ፤ ያጣሽውን ቃል ሁሉ ወረቀት ላይ ያውርድልሽ። አንቺ ልጅ ይህን ያህል ወሬ ነበረሽ እንዴ? እኔ እኮ ምላሷን ድመት በላው ብዬ ትቼሽ ነበር።

ደብዳቤሽን መታጠቢያ ቤት ገብቼ ነው ያነበብኩት፤ ሌላ የሚዘጋ በር የለኝም። ስልኩ የእኔ ሳይሆን አብራኝ የምትሠራው ልጅ ነው። ዓርብ ዓርብ ታውሰኛለች፤ አይቼ አጠፋዋለሁ፣ የላክሁትንም አጠፋዋለሁ። የቤቱ ሴትዮ ካየችው ለሁለታችንም አይበጅም።

ተልባ አላገኘሁም። ተኚ ላሉት ደግሞ እትዬሽን አመስግኝልኝ። እንቅልፍ በየሳሎኑ እንደሚሸጥ አላውቅም ነበር።

እሱ ምን አለ? እናትየው ማሻአላህ አሉ፣ እሺ። እሱስ? ጠይቀሽ ጻፊልኝ። ያሳያችኋቸውንም ፎቶ ላኪልኝ። ሰው ሁሉ አይቶኛል፤ እኔ ብቻ አላየሁኝም።

ብርድ ልብሶቹን ገዝታለች በያት።

ኢፍቱ


ቦሳ አዲስ
ኅዳር 24 ቀን 2017

አሰላሙ አለይኩም እህቴ፣

አላህ የድካምሽን ቀን ያሳጥርልሽ። ፎቶውን ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ።

እሱ ምን እንዳለ አልሰማሁም። እህቱ ሌንሳ ለአንድ ዘመዷ ሠርግ ልትሠራ ሳሎን መጥታ ነበር። ፎቶሽን ስልኳ ላይ አድርጋዋለች፤ ለሚጠይቃትም ለማይጠይቃትም ታሳያለች። «የእኛ ሙሽራ ነጭ ናት» ስትል ሰማኋት። ክር እያዘጋጀሁ ነበርና ዞር አላልኩም። የወንድሟን ነገር ልጠይቃት ብዬ አፌ ላይ ደረሰና ተመለሰ።

ፊትሽ እንዴት ነው? ይደርቃል ወይስ ወዝ አለው? ቡግር አለብሽ? ባለፈው አልጻፍሽልኝም። ይህን ሳላውቅ ምን እንደማዘጋጅ አላውቅም።

አዳዳ ብርጭቆው ይቅር፣ ይሰበራል ብላለች።

ፈድሊያ


ጅዳ
ታኅሣሥ 11 ቀን 2017

ሚጡዬ፣ ሰላም ላንቺና ለቤቱ ሁሉ፣

መቆየቴን አትይብኝ። እንግዳ በዝቶ ሁለት ዓርብ አለፈኝ።

ፎቶውን ከመስታወቱ ጎን ይዤ አየሁት። ቆንጆ ናት። አይዞሽ፣ አልተቆጣሁም። አዳዳሽን አውቃታለሁ፤ ጨምሪ ስትል አለመጨመር አይቻልም።

ደግሞም ገና ጊዜ አለ። እዚህ ሰዉ ነጣሽ እያለኝ ነው። ፊቴ ደህና ነው፤ ቡግርም የለው፣ ወዝም የለው። የተላጠ እንቁላል ነው የሚመስለው፣ ያብረቀርቃል። ምን አድርገሽ እንዳትዪኝ፤ የባሕሩ አየር ነው። አንገቴንም እጄንም አልረሳሁም። የሚታየውን ሁሉ።

እሱ ምንም አላለም ማለት ነው? ይሁን።

ኢፍቱ


ቦሳ አዲስ
ታኅሣሥ 15 ቀን 2017

አሰላሙ አለይኩም እህቴ፣

አላህ የሚበጅሽን በእጅሽ ያድርገው፣ የሚጎዳሽን ከእጅሽ ያርቀው።

ደብዳቤሽን ለእትዬ አነበብኩላቸው። ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ስለ ቆዳሽ ያለውን ብቻ ነው ያነበብኩት። ክሩን በጥርሳቸው ይዘው የአንዲት ሴት ቅንድብ እየሠሩ ነበር። «የተላጠ እንቁላል» የሚለው ላይ ስደርስ ክሩን ለቀቁት።

«ምን እየቀባች ነው?» አሉኝ።

የባሕር አየር ነው ብላለች አልኳቸው።

«ባሕር አንገትና እጅ መርጦ አይቀባም» አሉ።

ኢፍቱ፣ እንደዚህ የሚያብረቀርቅ ፊት እኔም አውቃለሁ። ባለፈው ዓመት ከደዶ የመጣች ሙሽራ ነበረች። የሚያነጣ ቅባት ለብዙ ወር ተቀብታ፣ ሠርጓ ሲደርስ ተወችው። ቅባቱን የለመደ ፊት ሲያጣው ይነድዳል። እኔ በውሃ የተነከረ ጨርቅ ሳስቀምጥላት እንኳን ጮኸች። ሜካፑ አልያዘላትም፤ እየተጠቀለለ ወደቀ። ቅባት ከሆነ የምትቀቢው እንዴት እንደምታቆሚው ሐኪም ጠይቂ ይላሉ እትዬ። ፀሐይም ምድጃም ይጎዳሻል።

ፎቶውን አትይው። ፎቶው የስልክ ሥራ ነው።

አዳዳ ነጣች ስላት እልል አለች። ሌላውን ልነግራት ፈልጌ ነበር፤ ጎረቤት ተሰብስቦ ነበር።

መልስሽን እጠብቃለሁ።

ፈድሊያ


ቦሳ አዲስ
ጥር 3 ቀን 2017

አሰላሙ አለይኩም እህቴ፣

ዓርብ ይመጣል፣ ዓርብ ይሄዳል፤ ከአንቺ ምንም የለም። ደህና መሆንሽን ብቻ ጻፊልኝ።

ቡናው ደርቆ ተሸጧል። ድንኳን የሚሰቀልበትን ቦታ አጽድተውታል። አዳዳ ሽቶውም ቢቀር ግድ የለኝም፣ ብቻ ትምጣ ብላለች።

ፈድሊያ


ጅዳ
ጥር 9 ቀን 2017

ሚጡዬ፣

እትዬሽ አዋቂ ናቸው። አላህ ዕድሜ ይስጣቸው።

ሴትዮዋ የምትቀባው ቅባት ነበር፤ ጀምራ ትታው መደርደሪያ ላይ አገኘሁና ተቀባሁት። ካለቀ በኋላ በራሴ ገዛሁ። ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ አቆምኩት። በሦስተኛው ቀን ፊቴ በርበሬ እንደነካው ሆነ። ምድጃ አጠገብ መቆም አልቻልኩም፤ ሴትዮዋ የሚተላለፍ በሽታ ነው ብላ ከልጆቿ አራቀችኝ። ስቀባው ይበርዳል። ስለዚህ እቀባዋለሁ።

እስከ ሠርጉ የሚበቃኝን ይዣለሁ። ጥር 21 እመጣለሁ። ለእማዬ አትንገሪያት፤ ደስታዋን በስልክ ሰምቻለሁ።

ኢፍቱ


ቦሳ አዲስ
ጥር 25 ቀን 2017

አሰላሙ አለይኩም እህቴ፣

እንኳን ለአገርሽ አበቃሽ።

ትናንት ከእትዬ ጋር ሰቃ መጥቼ አጠገብሽ ስቀመጥ አንድም ቃል አላወራሁሽም። ዘመዱ ሁሉ ቆሞ ያይሽ ነበር። አሁን እጽፋለሁ። ወረቀቱን የምታመጣልሽ አዳዳ ናት፤ ማንበብ ስለማትችል የቆዳ አጠባበቅ ነው ብያታለሁ።

እትዬ አገጭሽ ሥር ትንሽ ፋውንዴሽን ሲያስነኩሽ ዓይንሽን እንዴት እንደጨፈንሽ አየሁ። ቆዳሽ ከጣታቸው ጋር ሲነሳም አየሁ። ያኔ ምንም ያላሉሽ ሰው ስለነበረ ነው። ዛሬ አዳዳ ሳሎን ስትመጣ ነገሯት።

«እኔ በዚህ ፊት ላይ ሜካፕ አልሠራም» አሏት።

አዳዳ መጀመሪያ የቀለዱ መስሏት ሳቀች። ከዚያ ድንኳኑን ቆጠረች፣ በሬውን ቆጠረች፣ ከአጋሮ የሚመጣውን ሰው ቆጠረች። እትዬ ቀኑን ግፉት አሉ።

«ምን ብዬ ልግፋው? ልጄ ፎቶዋን አትመስልም ብዬ?»

አዳዳ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺስ? አንቺ አታውቂበትም እንዴ ይህን ነገር? በስልክ እንዳደረግሽው አድርጊያታ» አለችኝ። እኔ ጨርቅ እያጠፍኩ ነበር። ማጠፌን ቀጠልኩ።

መናኸሪያው ጋ ሌላ ሳሎን አግኝታለች፤ ወፍራም አድርገው ነው የሚሠሩት። እሑድ የሚሠሩሽ እነሱ ናቸው። የሚነድድሽ ከሆነ ከሜካፑ በፊት ቀዝቃዛ ጨርቅ አሳርፊበት። ቅንድብሽን በክር እንዳያስነኩሽ፤ ቆዳው አብሮ ይነሳል። በምላጭም አይሁን። እንዳለ ይቅር።

ሐሙስ የአብዱልሃዲ እህቶች ሂና ይዘው ይመጣሉ። እሺ ካልሽኝ እውነቱን ለሌንሳ ጽፌ እሰጣታለሁ። በአፌ አልችልም እንጂ መጻፍ እችላለሁ።

ፈድሊያ


ሰቃ
ጥር 27 ቀን 2017

ሚጡዬ፣

አትጻፊላት።

እዚህ ክፍል ውስጥ መስኮቱን ጋርደውልኝ ተቀምጫለሁ። ሙሽራ ፀሐይ አታይም ብለው ነው። ደግ አደረጉ፤ እኔም ፀሐይን አልፈልጋትም። ዘመድ እየገባ ያየኛል፤ ነጣች ይላል፤ ቀረብ ብሎ ያያል፤ ይወጣል። እናቴ ጨለማው ውስጥ ስታየኝ ደስ ይላታል። በር ሲከፈት ዞር ትላለች።

ጅዳ የላከኝ ኤጀንሲ ከአሁኑ ደውሎላታል። ሌላ ቤት አለ፣ ከተመለሰች ወዲያው ትገባለች ብሏታል። ሠርጉ ከቀረ የት እንደምሄድ ታውቂዋለሽ። አምስት ዓመት የሰው ደረጃ ጠርጌያለሁ። ተመልሼ አልጠርግም። እሑድን ልለፍ፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን አያለሁ።

ሐሙስ ነይ። እጅጌዬን ያዥልኝ።

ኢፍቱ


አጋሮ
መጋቢት 5 ቀን 2017

አሰላሙ አለይኩም ሚጡዬ፣

ረመዳኑን አላህ ይቀበልሽ። ጾሙ እንዴት ነው? ሳሎኑ በረመዳን ሥራ የለውም መሰለኝ፤ እትዬሽ ብቻቸውን ክር ሲያሾሩ ይታየኛል።

ከሠርጉ ወዲህ ወረቀት አልያዝኩም። የሚጻፍ ነገር አጥቼ አይደለም። አንቺ እሑድ ዕለት ከድንኳኑ ጀርባ ቆመሽ ስታዪኝ አይቼሻለሁ፤ ሩቅ ነበርሽ። ከቅርብ እንዴት እንደነበር ልንገርሽ። ሴትዮዋ ስትቀባኝ ሌላዋ በካርቶን ታራግበኝ ነበር። ሦስት ጊዜ ደረበችው። ሰዉ ሁሉ ቁርጥ ፎቶዋን አለ። ሌንሳ አቅፋኝ አለቀሰች። እኔ መሳቅ አልቻልኩም፤ ከሳቅሁ ይሰነጠቃል ብለውኛል።

በማግስቱ ለሰላት ውዱእ ማድረግ ነበረብኝ። አብዱልሃዲ በማንቆርቆሪያ ውሃ ያፈስልኝ ነበር። እጄን ታጠብኩ፣ አፌን ተጉመጠመጥኩ፣ ከዚያ ፊቴን። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ውሃው ቆመ። ቀና ስል እጁ አየር ላይ ነበር።

«ታመሻል?» አለኝ።

አልታመምኩም፣ ቅባት ነው አልኩት። የቀረውን ውሃ አፈሰሰልኝ። ሰግደን ከጨረስን በኋላ «የፎቶዋስ ልጅ?» አለ። እሷም እኔ አይደለሁም አልኩት።

በሳምንቱ ጅማ ሆስፒታል ወሰደኝ። ቅባቱን እንዴት ቀስ እያልኩ እንደማቆም ጻፉልኝ። ይቀላል፣ ይላጣል፣ ይጠቁራል፣ ከዚያ የራስሽ ይመለሳል አሉኝ። ስንት ጊዜ ይፈጃል ሲላቸው ብዙ ወር፣ ምናልባት ዓመት አሉት። አሁን ልጣጩ ላይ ነኝ። ምንም አይሰማኝም፤ ሰው ሲያየኝም አይሰማኝም። የሚሰማኝ ውሃ ሲነካኝ ብቻ ነው።

እናቱ ለጎረቤት ምን እንደሚሉ ልንገርሽ? «እኛ እኮ ድስት ስንገዛ እንኳ አገላብጠን ነው» ይላሉ። እኔ እዚያው ጓዳ ሆኜ ድስቱን አጥባለሁ። ከዒድ በኋላ ሽማግሌ ይሰበሰባል። ይመልሱኛል ወይ ያቆዩኛል። እናቴ ከአሁኑ ስልኳን አታነሳልኝም።

ትናንት እሱ ወፍጮ ቤቱን ዘግቶ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ሰው ሲያናግር እንደ አንቺ ነው፤ መሬት መሬት ያያል። እንዲህ አለኝ፤ «እኔ መጠበቅ እችላለሁ። ግን ምን እንደምጠብቅ አላውቅም። የድሮ መልክሽን አሳዪኝ።»

የፓስፖርቴን አሳየሁት። የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ፣ ኤጀንሲው ያነሳት፣ በፍርሃት ከንፈሯን የነከሰች። «ይቺ ልጅ ናት» አለ። ሌላ የለኝም፤ ጅዳ ያነሳሁትን ሁሉ አጥፍቻለሁ።

ሚጡዬ፣ ያን መጀመሪያ የላክሁትን ፎቶ ላኪልኝ። ኩሽና ውስጥ የተነሳውን፣ ሳይበራ በፊት። ከዒድ በፊት ይድረሰኝ።

ኢፍቱ


ቦሳ አዲስ
መጋቢት 9 ቀን 2017

አሰላሙ አለይኩም እህቴ፣

አላህ የሚያይሽን ሰው ዓይን ያለስልስልሽ።

ፎቶው የለም። የሳሎኑ ስልክ ሁልጊዜ ይሞላል። አብርቼ ስጨርስ በዋናው ፎቶ ላይ ላስቀምጠው ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ አዎ አልኩት። የአዳዳንም ስልክ ሰቃ ሄጄ አየሁት። ያው የበራው ብቻ ነው ያለው።

ዛሬ የአንዲት ሴት ፊት ላይ ማር ቀብቼ እስኪደርቅ ስጠብቅ ትዝ አለኝ። ፎቶ ሲበራ ዝም ብሎ አይበራም። መጀመሪያ ያለውን አንድ በአንድ በጣት እየነኩ ያጠፉታል። እኔ የሰው ፊት ቀና ብዬ አላይም፤ ያን ቀን ግን የአንቺን ለረጅም ጊዜ አይቼዋለሁ። ያጠፋሁትን አውቀዋለሁ። ስለዚህ እጽፈዋለሁ፤ አንብቢለት።

ከግራ ቅንድብሽ በላይ ጠባሳ አለ። እኔ ሕፃን ሆኜ ተሸክመሽኝ ስትሮጪ የቡናው አልጋ ሽቦ የመታሽ ነው። ቅንድቡ እዚያ ቦታ ላይ ፀጉር የለውም። እሱን ለማጥፋት ብዙ ነካክቻለሁ።

አፍንጫሽ ጎን የውሃ ፈንጣጣ የተወው ትንሽ ጎድጓዳ አለ። ከዓይንሽ ሥር ይጠቁራል፤ የቀኙ ይብሳል። ሻርፕሽ የሚያርፍበት መስመር ላይ ግንባርሽ ቀላ ይላል፤ ከእሱ በታች ጠይም ነሽ። ከንፈርሽ ዳር ነጥብ አለች፤ ልትስቂ ስትይ ከአፍሽ ቀድማ የምትንቀሳቀሰው እሷ ናት። በፎቶው ላይ ልትስቂ ነበር። ነጥቧን ሳጠፋት ሳቁም አብሮ ጠፋ፤ ለዚህ ነው የበራው ፎቶ ላይ የተቆጣሽ የምትመስዪው። አዳዳ ግን አልታያትም።

ቀለምሽን ልጽፍ ሞከርኩ፤ አልቻልኩም። ጠይም ብሎ መጻፍ ይቻላል፤ ጠይም ግን ብዙ ነው።

ሐሙስ ዕለት ሂናው ሲቀባልሽ እጅጌሽን ሰብስቤ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። እነ ሌንሳ ጣትሽን ነበር የሚያዩት። እኔ ክርንሽን ነበር የማየው። ቅባቱ እዚያ ላይ ቆሟል፣ እንደተሰመረ። የሚታየውን ብቻ ነው የቀባሽው። ከዚያ በላይ ማንም አልነካሽም፤ አንቺም፣ እኔም፣ ስልኩም።

ይህን አንብበሽለት ስትጨርሺ እጅጌሽን እስከ ትከሻሽ ሰብስቢና ክንድሽን አሳዪው። የምትጠብቀው ይህ ነው በዪው።

ፈድሊያ